ሌላ ሞንታርቦ ከመግዛታችን በፊት

የዛሬው ጽሑፍ ስለ ድምፅ ነው። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እንጅባራም በሉት ዳንግላ፣ አዳራሽ ውስጥ የወላጆች ስብሰባ ወይም ምርቃት ሲኖር የምናውቀው ነገር አለ። ከኋላ የተቀመጠው "አይሰማም!" ይላል። ማይክ የያዘው "ድምፁን ጨምርልኝ" ይላል። ይጨመራል። አሁን ጩኸቱ በዛ፣ ቃሉ ግን አሁንም አይለይም። በመጨረሻ የሚመጣው መፍትሔ ይታወቃል፤ መዋጮ ሰብስቦ ትልቅ ሞንታርቦ መግዛት።

እኔ በዚህ አልስማማም። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የስፒከሩ ማነስ ሳይሆን የቤቱ ነው።

እስቲ አስቡት። ጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ንግግሩ ሜዳ ላይ ነው። ሜዳ ላይ የወጣ ድምፅ ይሄዳል፣ ተመልሶ የሚመጣው በጣም ጥቂት ነው። አዳራሽ ውስጥ ግን ወለሉ ሊሾ፣ ግድግዳው ልስን፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ሦስቱም ድምፅ አይውጡም፤ እንደ ኳስ መልሰው ይወረውሩታል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከስፒከሩ 3 ሜትር ርቆ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ቃሉን ወዲያው ይሰማል። 20 ሜትር ርቆ ካለው የኋላ ግድግዳ ነጥሮ የሚመለሰው ያው ቃል ደግሞ 34 ሜትር ተጨማሪ መንገድ አለበት፤ 0.1 ሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል። ጆሯችን እስከ 0.05 ሰከንድ የዘገየውን ከመጀመሪያው ጋር አንድ አድርጎ ይሰማዋል። ከዚያ ያለፈው ቀጣዩ ቃል ላይ ይወጣበታል። ገደል ማሚቶ ቤት ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ታዲያ ድምፁን ስንጨምር ምን ይሆናል? ቀጥታ የሚመጣውም፣ ነጥሮ የሚመጣውም እኩል ይጨምራሉ። ጭቃ ውኃ ላይ ጭቃ ውኃ ብትጨምሩ አይጠራም።

ይህ ነገር የሚያንገበግበኝ በመምህርነቴ ነው። የአናባቢ ድምፅ ጉልበት አለው፣ ክፍሉ ውስጥም ይቆያል። "ስ"፣ "ት"፣ "ፍ"፣ "ክ" ግን ደካማ ናቸው፤ ቃልን ከቃል የሚለዩትም እነሱ ናቸው። "ሰማ" እና "ቀማ" የሚለያዩት በመጀመሪያዋ ድምፅ ብቻ ነው። ትልቅ ሰው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲያዳምጥ የጎደለውን በግምት ይሞላል። የኛ ዞን ልጅ ግን ቤቱ አውንጊ፣ ገበያው አማርኛ፣ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ደግሞ ትምህርቱ እንግሊዝኛ ነው። በሦስተኛ ቋንቋ የጎደለ ፊደል ከየት አምጥቶ ይሙላ? ከኋላ ወንበር የተቀመጠውን ልጅ "ሰነፍ" ከማለታችን በፊት ምን እንደሚሰማው እንጠይቅ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1895 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ንግግር የማይሰማበት አዲስ የትምህርት አዳራሽ ነበር፤ አንድ ድምፅ ከ5 ሰከንድ በላይ ይቆይበት ነበር። ዋላስ ሳቢን የሚባል ወጣት የፊዚክስ መምህር እንዲያስተካክለው ታዘዘ። ሰውየው ጩኸት አልጨመረም። ከሌላ አዳራሽ የወንበር ትራስ እያስመጣ፣ ድምፁ ምን ያህል እንደሚቆይ በሰዓት ይለካ ጀመር። ትራሱ በበዛ ቁጥር ድምፁ ቶሎ ሞተ። የዛሬው የአዳራሽ ድምፅ ሳይንስ መነሻ ይኼው ነው። አሁን የአሜሪካ መስፈርት ለመካከለኛ የመማሪያ ክፍል የሚፈቅደው 0.6 ሰከንድ ብቻ ነው።

እኛስ ምን እናድርግ? መጀመሪያ ነፃ የሆነውን።

ስፒከሩን ከጥግ አውጡት። ጥግ ላይ ሲሆን ቤዙ ያብጣል፣ ንግግሩን ይውጠዋል። ከሰው ራስ ከፍ አድርጉና አፉን ወደ ሰው አዘንብሉት፤ ባዶ ግድግዳና ቆርቆሮ ላይ አይተኩስ። ማይኩ ሁልጊዜ ከስፒከሩ ኋላ ይሁን፣ አለዚያ ያፏጫል። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ሞክራችሁም ተስፋ አትቁረጡ፤ የሰው አካልና ልብስ ራሱ ድምፅ ይውጣል።

ቀጥሎ ርካሹን። በኋላ ግድግዳ ላይ ወፍራም መጋረጃ፣ እጥፋቱ በዝቶ፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ። መድረክ ላይ ምንጣፍ። የእንቁላል ካርቶን የምትለጥፉ ግን ተዉት፤ የሚውጠው ጥቂት ነው፣ እሳት ሲነካው ደግሞ አደጋ ነው። አቅም ካለ ኮርኒስ ይሠራ። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ትምህርት እንደሚቆም የአዊ ሰው አይነገረውም።

ቤታችሁ ሙዚቃ የምትሰሙ ደግሞ ሁለቱን ስፒከር ቡፌ ላይ አጣብቃችሁ አትደርድሩ። በመካከላቸው 2 ሜትር ካለ፣ እናንተም ከእያንዳንዳቸው 2 ሜትር ራቁ፤ ሦስት ማዕዘን ይሁን። ትንሿ ስፒከር በጆሯችሁ ቁመት፣ ጀርባቸውም ከግድግዳ ፈቀቅ ይበል። ከዚያ አንድ ሰው መስታወት ይዞ በጎን ግድግዳ ላይ ያንሸራትት። እናንተ ከመቀመጫችሁ ሆናችሁ ስፒከሩን መስታወቱ ውስጥ ያያችሁበት ቦታ ላይ ድምፁ ይነጥራል። እዚያ ወፍራም መጋረጃ ወይም በመጻሕፍት የተሞላ መደርደሪያ አድርጉ። የሙላቱ አስታጥቄን ቫይብራፎን ከዚያ በኋላ ስሙት።

አያቶቻችን የኖሩበት የሣር ክዳን ቤት፣ ጣሪያው ድምፅ ይውጥ ነበር። ቆርቆሮው ብዙ ነገር አቀለለልን፣ ይህንን ግን ወሰደብን። ወደ ኋላ እንመለስ አላልኩም፤ የተወሰደውን በመጋረጃና በኮርኒስ እንመልስ ነው የምለው።

ስለዚህ የወላጅ ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ፣ የመዋጮ ደብተሩ ከመከፈቱ በፊት ባዶ አዳራሹ መሃል ቆማችሁ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ። ጭብጨባው ቆይቶ ከተንጫረረ ገንዘቡ ለሞንታርቦ ሳይሆን ለመጋረጃና ለኮርኒስ ይዋል። ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ካነሰ ያኔ ስፒከር እንግዛ፣ እኔም አዋጣለሁ።

የሞከራችሁ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ። ቸር እንሰንብት።