የሦስት ሌሊት እንግዳ የት ያምሽ?

አዲስ አበባ አምራለች። ይህን የሚክድ ካለ ወይ ከቤቱ አልወጣም፣ ወይ ሆነ ብሎ ዓይኑን ጨፍኗል። ከቦሌ ተነስቶ በመስቀል አደባባይ አድርጎ አራት ኪሎ እስኪደርስ ድረስ መብራቱ ዛፉ ላይ ሳይቀር ተንጠልጥሏል። የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፤ ቆሻሻ ይጣልበት የነበረው የወንዝ ዳር ሣር ለብሷል። እኔም አይቻለሁ፣ ደስም ብሎኛል። «ተቃዋሚ ጋዜጣ ላይ የሚጽፍ ሰው የመንግሥትን ሥራ ያመሰግናል እንዴ?» የሚል አንባቢ ግን ትንሽ ይታገሰኝ። የኔ ነገር ያለው ከመብራቱ ሥር ነው።

ነገሩን ያመጣው የአክስቴ ልጅ ነው። ሜሪላንድ ከገባ ሃያ ሁለት ዓመቱ። እዚያው የተወለዱ ሁለት ሴቶች ልጆቹን ይዞ አርብ ጠዋት ይገባል፣ ሰኞ ሌሊት ይበራል። «ወንድምዓለም፣ ያለን ሦስት ምሽት ነው። ልጆቹ ዘንጠው የሚወጡበት፣ ቀን ደግሞ የሚያዩት ነገር አሰናዳልን፤ ብሩን አታስብ» አለኝ በስልክ። ብሩን እንዳላስብ ሲነገረኝ በዕድሜዬ የመጀመሪያው ስለሆነ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። ጉዱ የመጣው ያኔ ነው። የምጽፈው የቦታ ስም ሁሉ ወይ «የነበረ» ሆነብኝ፣ ወይ እኔ ራሴ በደመወዜ ገብቼበት የማላውቅ ሆነብኝ።

በቅድሚያ አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቻችን እንግዳ ሲመጣብን ሰገነት ላይ ወዳለ ምግብ ቤት መውሰድ የክብር ጥግ ይመስለናል። ስሙን የማልጠራው አንድ ቤት አንድ ጊዜ ተጋብዤ ሄጄ ነበር። ሙዚቃው የውጭ፣ ምግቡ የውጭ፣ አስተናጋጇ ሳትቀር የምታናግረኝ በእንግሊዝኛ! ከታች የሚታየው መብራት ባይሆን ኖሮ ዱባይ ነኝ ብል ማን ይፈርድብኛል? ከሜሪላንድ የመጣ ሰው ይህ አይጎድልበትም፤ እሱ የለመደው ከዚያ የተሻለ ነው። ስለዚህ ሰገነቱን ከእቅዴ ሰረዝኩ።

አርብ ማታ ቲያትር። ዘንጦ መውጣት ድሮም ለብሔራዊ ቲያትር ነው። ጣሊያን ጀምሮት የሄደው ሕንጻ አድጎና ተሠርቶ፣ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሡ የብር ኢዮቤልዩ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ተብሎ ሲከፈት፣ መድረኩን ያሟሸው የመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። በዚያ ዘመን ያለ ከረባት የሚገባ አልነበረም ሲሉ አረጋውያን ያወጉናል። ደጁ ላይ የቆመውን የድንጋይ አንበሳ ልጆቹ ፎቶ ይነሱበት። ያን ቀን የሚታየው ምን እንደሆነ ከትኬት መሸጫው አስቀድሞ መጠየቅ ነው እንጂ በደፈናው መሄድ አይበጅም። ከዚያ እራት። አርብ ጾም ስለሆነ ክትፎ የሚባል ነገር አይነሳም፤ ሰፋ ያለ በያይነቱ ከነሽሮው፣ ከነስልጆው ይቀርባል። «ቪጋን» እያሉ እዚያ አገር በውድ የሚበሉትን ልጆቹ እዚህ የእናት ጓዳ ውስጥ ያገኙታል። ከዚያ ይተኙ፤ የበረራው ድካም አለ።

ቅዳሜን ቀን ስድስት ኪሎ እጀምረዋለሁ። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ዛሬ ሙዚየም ነው። የንጉሡን መኝታ ቤት ማየት ጥሩ ነው፤ እኔ ግን እንግዳ ስወስድ ሁልጊዜ ደጁ ላይ ካለው ጠመዝማዛ ደረጃ ነው የማስጀምረው። ጣሊያን ከሙሶሊኒ ሥልጣን መያዝ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ እየጨመረ ያቆመው ነው። ንጉሡ ሲመለሱ አላፈረሱትም። ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት፣ አለቀ! ከዚህ የበለጠ ስድብ ዶዘር አይሳደብም። እዚያው ቤተ መንግሥት ውስጥ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥቱ ሲከሽፍ፣ አረንጓዴው ሳሎን ታግተው የነበሩ መኳንንትና ሚኒስትሮች በጥይት ተደበደቡ። ከበሩ ስትወጡ ፊት ለፊት የየካቲት 12 ሐውልት አለ። አንድ ሰፈር፣ ሦስት ዘመን፤ ሁሉም በእግር።

ወደ አምስት ኪሎ ወረድ ሲሉ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ድንቅነሽን የማያይ እንግዳ የለም። በ1967 ዓ.ም. ኅዳር ሐዳር ላይ የተገኘችው እመቤት ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ግድም ነው። ለሕዝብ በተለምዶ የሚታየው ቅጂዋ እንደሆነ ለልጆቹ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ፤ ዋናዋ ተቆልፎባት ነው የምትኖረው። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ዋናዋ አጽም ወደ ፕራግ ተጉዛ ቼኮች ተሰልፈው አዩዋት። እኛ ሰፈርተኞቿ ግን ዋናዋን የማየት ዕድል የሚደርሰን ከስንት አንዴ ነው። (ይህንንስ ማን ይጠይቅልን?)

እንግዲህ ቅዳሜ ማታ። እርሳሴ የተሰበረው እዚህ ላይ ነው።

የአዲስ አበባን የቅዳሜ ማታ የሚያውቅ ሰው እንግዳውን የሚወስደው አዝማሪ ቤት ነበር፤ አዝማሪ ቤት ደግሞ ካዛንቺስ። ስሙ ራሱ ታሪክ ነው። ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ መኖሪያ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ነበረው። የዚያ መሥሪያ ቤት አጭር መጠሪያ የተለጠፈባቸው ቤቶች «ካዘ ኢንቺስ» ሲባሉ፣ የሰፈሩ ሰው አፉ ላይ አለሳልሶ ካዛንቺስ አለው። ጣሊያን ሄደ፣ ሰፈሩ ቀረ። ከኋላው ባሉት ጠባብ ቤቶች ማሲንቆ ገባ።

አዝማሪ ቤት ለማያውቅ እንዲህ ነው። በርጩማ ላይ ትቀመጣለህ፣ ጠጅህ ወይ ቢራህ ይመጣል፣ አዝማሪው አጠገብህ ይቆምና ያይሃል። ጫማህን፣ ራስህ ላይ የሸሸውን ጠጉር፣ አጠገብህ ያለችውን ሴት ሁሉ ያያል። ከዚያ አንተኑ ይገጥምሃል። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። አንተ «ተቀበል!» ብለህ ስንኝ ትሰጠዋለህ፣ እሱ ተቀብሎ ያስውበዋል፤ ብር ግንባሩ ላይ ትለጥፋለህ። ሰምና ወርቁ ውስጥ የቀበሌ ሊቀመንበሩ አለ፣ ሚኒስትሩ አለ፣ የሽንኩርት ዋጋ አለ። ጋዜጣ ሲዘጋ ማሲንቆ አይዘጋም ነበር። ሁለት ሰዓት እዚያ የተቀመጠ እንግዳ ስለዚህ አገር የሚያውቀውን፣ ሁለት ሳምንት ሆቴል የተቀመጠ አያውቀውም።

ያ ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለኮሪደር ልማቱ ፈረሰ። ነዋሪው ዕቃውን ጭኖ ከተማው ጫፍ ገላን ጉራና ሌላም ቦታ ወረደ። በዓለም መድረክ ስሙን ያስጠራው የመላኩ በላይ ፈንድቃም ከሰፈሩ ጋር ከቦታው ተነሳ። የመጣው የከተማ ፕላን እንጂ የጠላት ጦር አይደለም፣ አውቃለሁ። ጣሪያው ያፈስ ነበር፣ መጸዳጃው የጋራ ነበር፤ እሱንም አውቃለሁ። ግን የሚያፈስ ጣሪያ ይጠገናል። አዝማሪውን፣ ጠጅ ጣይዋን፣ ከቤቱ ደጅ ሲጋራና ማስቲካ የሚያዞረውን ልጅ፣ ከሥራ ሲወጣ ጎራ የሚለውን ጸሐፊ አንድ ላይ ያቆማቸው ጉርብትና ነበር። ኮንዶሚኒየም በዕጣ ይሰጣል፤ ጉርብትና በዕጣ አይሰጥም። አዝማሪዎቹ ዛሬም አሉ፣ እዚህም እዚያም ተበታትነው ይጫወታሉ። ለእንግዳዬም ጠይቄ አገኝለታለሁ። ቅዳሜ ክትፎውን ከበላ በኋላ በታክሲ እወስደዋለሁ እንጂ እንደ ድሮው ከአንዱ ቤት ወጥቶ ሌላው እየገባ፣ ጫማውን እያጨቀየ አይሄድም።

እሑድ ጠዋት ጊዮርጊስ። ቅዳሴው ሲያልቅ ካቴድራሉን ዞር ዞር ብሎ ማየት ነው። ንግሥት ዘውዲቱም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም የነገሡት እዚያ ነው። ከፊቱ የምኒልክ ሐውልት አለ። ጥቅምት 1923 ዓ.ም. በንግሡ ዋዜማ ተመረቀ፣ ጣሊያን ሲገባ ነቅሎ ደበቀው፣ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። አጠገቡ ያለው የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀ ነው። ልጆቹ ይግቡ፣ ይመልከቱ፣ ግማሽ ቀን ቢፈጅም አይቆጭም። ምሳ ጣይቱ ሆቴል፤ እቴጌዋ እንግዳ እንጀራ በገንዘብ ይግዛ ብለው የከፈቱት የአገሩ የመጀመሪያ ሆቴል ነው። በጥር 2007 ዓ.ም. ሲቃጠል ጃዛምባ የሚባለው የጃዝ ቤት አብሮ ነደደ፣ እንጨቱ ሕንጻ ግን ተረፈ። ከእሳት የተረፈውን ሳይ ደስ ይለኛል። ቁልቁል ስመለከት ግን ፒያሳ፣ ያቺ የወርቅ ቤቱ፣ የኬክ ቤቱ፣ የዶሮ ማነቂያው ፒያሳ፣ አብዛኛዋ በ2016 ዓ.ም. በሳምንታት ውስጥ ሜዳ ሆናለች። ለአክስቴ ልጅ «እዚህ ጋ ነበር የተገናኘነው» የምለው ጥግ የለም። አረንጓዴ ሣር አለ። ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው።

እሑድ ማታ ወዳጅነት አደባባይ፣ ፏፏቴው ከሙዚቃ ጋር ሲጨፍር። ቆንጆ ነው፣ ልጆቹ ይወዱታል። ቀን ላይ ጊዜ ካለ ከላይ አንድነት ፓርክ ይገባሉ፤ የምኒልክ ግብር ቤት አለ፣ ደርግ የንጉሡን ባለሥልጣናት ያጎረበት ምድር ቤትም አለ። እኔ እንኳን ሳልሰስት እላለሁ፣ ቤተ መንግሥት ለሕዝብ መከፈቱ መልካም ሥራ ነው። ግን ለየትኛው ሕዝብ? በ2012 ዓ.ም. ሲከፈት መደበኛው መግቢያ 200 ብር ነበር። ያኔም የቀን ሠራተኛ አምስት ቤተሰብ ይዞ ሲያስበው ይዞረው ነበር። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛው ደመወዝ 6,000 ብር ሆኗል። ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው መግቢያ፣ ታክሲ፣ ማኪያቶና አንዳንድ ኬክ ብለው ሲወጡ ከዚያ ላይ ምን ያህል እንደሚነሳ ሒሳብ የሚያውቅ ያስላው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሩ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ ከተማዋ ለአክስቴ ልጅ ረከሰች፣ ለኔ ተወደደች። በአንድ ሌሊት፣ በአንዲት መግለጫ።

ስለ ምሽት ካነሳን አይቀር። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ነበር። ጭፈራ ቤት የገባ ሰው በሩ ተዘግቶበት፣ ወዶም ሳይወድም ሲጨፍር ያነጋ ነበር። ምሽት በትእዛዝ ተዘጋ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የከተማው አስተዳደር በዋና ዋና ጎዳናዎች ላይ ያሉ ንግድ ቤቶች እስከ ምሽቱ 3:30 ክፍት ይሁኑ የሚል ደንብ አወጣ። ምሽት በትእዛዝ ተከፈተ! ሻጩ ባዶ ሱቅ ውስጥ መብራት እየቆጠረ ይቀመጣል፤ ገዢው ሩቅ ሰፈር ተወስዶበታል፣ ታክሲ ሳያልቅበት ለመድረስ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ሰልፍ ላይ ነው። እንደኔ እንደኔ ምሽትን የሚያደምቀው በእግሩ ቤቱ መድረስ የሚችል ሰው ነው።

ሰኞ ቀሪው አጭር ነው። ሽሮ ሜዳ ለልጆቹ የአገር ልብስ፣ ከዚያ እንጦጦ፤ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባትን ማርያምን ተሳልሞ የተራራውን ነፋስ መቀበል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ፓርክ ሆኗል፤ ፈረስ ግልቢያ አለ፣ ቡና ቤት አለ። ያንን ዳገት ዘመናቸውን ሙሉ የባሕር ዛፍ ጭነት ተሸክመው ሲወርዱ የኖሩትን እናቶች ግን ለልጆቹ እኔ እነግራቸዋለሁ።

ለከተማው አስተዳደር ሁለት ጥያቄ አለኝ፤ ሁለቱም ርካሽ ናቸው። አንደኛ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ እሑድ ከሰዓት፣ የቀበሌ መታወቂያ ያለው ሁሉ ፓርኮቹ ውስጥ በነጻ ይግባ። ሁለተኛ፣ በፈረሰው ሰፈር ሁሉ፣ ካዛንቺስም፣ ዶሮ ማነቂያም፣ አራት ኪሎም፣ ከዚያ ሁሉ የመንገድ መብራት ምሰሶ መካከል በአንዱ ላይ ሰሌዳ ይሰቀል፤ የሰፈሩ ስም፣ ስሙ ከየት እንደመጣ፣ ስንት አባወራ እንደኖረበት፣ በየትኛው ወር እንደፈረሰና ሰዎቹ ወዴት እንደተወሰዱ ይጻፍበት። የአክስቴ ልጆች አማርኛ ስለማያነቡ በእንግሊዝኛም ይጨመርበት።