ለፓምፕ ሞተር ነፋስ ይግባለት

በመስኖ የሚጠቀሙ አንዳንድ የኅብረት ሥራ ማኅበራት በፓምፕ ሞተራቸው ላይ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ማስገጠም ጀምረዋል። በተለምዶ ድራይቭ ወይም ኢንቨርተር የሚባለው ይህ መሣሪያ የሞተሩን ዙር እየጨመረና እየቀነሰ ከሚፈለገው የውሃ መጠን ጋር ያስማማዋል። የተለመደው ሞተር በፀሐይ ኃይል እንዲሠራ የሚያስችለውም እርሱ ነው። ሞተር በተቃጠለ ቁጥር ግን «ያቃጠለው ድራይቩ ነው» ብለው መሣሪያውን ነቅለው ወደ ቀድሞው ማስነሻ መመለስ የሚቀናቸው አሉ። በእኔ አስተያየት ይህ ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት የፓምፑ ቤት መታየት ይኖርበታል።

የሰብል ባለሙያ ስለ ሞተር ምን አገባው የሚል ቢኖር፣ አበባ የያዘ ቲማቲም ሞተሩ ከተማ ሄዶ፣ ሽቦው እንደገና ተጠቅልሎ እስኪመለስ የማይጠብቅ መሆኑን ያስታውስ።

ሞተርን በአብዛኛው የሚገድለው ሙቀት ነው። የጥቅል ሽቦው መከላከያ ሊሸከመው ከሚችለው ሙቀት በላይ በየ10 ዲግሪው ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ያህል ያጥራል። በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ጉልበት የታሰበው ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ እስከ 1000 ሜትር ከፍታና እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለሚደርስ የአካባቢ አየር ነው። ደጋችንና ወይና ደጋችን ከዚህ ከፍታ በላይ ናቸው። ወደ ላይ በተወጣ መጠን አየሩ ስለሚሳሳ ሙቀትን የመውሰድ አቅሙ ይቀንሳል። በልምድ የሚሠራበት ስሌት ከ1000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ መቀነስ ነው። በዚህ ስሌት 1640 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በባቱ 6 በመቶ፣ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው በደብረ ብርሃን 18 በመቶ ይቀነሳል። 15 ኪሎ ዋት የተባለው ሞተር ደብረ ብርሃን ላይ ከ12 ኪሎ ዋት ብዙም አይበልጥም ማለት ነው።

ይህ ግን አየሩ 40 ዲግሪ ነው ተብሎ ሲታሰብ ነው። ከፍታው በ100 ሜትር ሲጨምር አየሩ በ1 ዲግሪ ያህል ከቀዘቀዘ የሳሳው አየር ያጎደለውን ቅዝቃዜው ይተካዋል። ለደብረ ብርሃን የሚበቃው 21 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ በአብዛኛው የዓመቱ ወራት ቀትር ላይ እንኳ ጥላ ሥር ይገኛል። ለባቱ 33 ዲግሪ ይበቃል። እንግዲህ ተፈጥሮ የሰጠችንን ይህን ካሣ የምናባክነው እኛው ነን። ሌባ እንፈራለን በማለት ሞተሩንና ድራይቩን መስኮት በሌለው የቆርቆሮ ቤት እንቆልፍባቸዋለን። አንዳንዱ ከአቧራ እጠብቀዋለሁ ብሎ በሞተሩ ላይ ጆንያ ይደርባል። የ15 ኪሎ ዋት ሞተር በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ እርሱና ድራይቩ አንድ ላይ ወደ 2 ኪሎ ዋት የሚጠጋ ሙቀት ያወጣሉ፤ ይህም ግማሽ የኤሌክትሪክ ምጣድ ቀኑን ሙሉ በዚያች ክፍል እንደማጋጋል ይቆጠራል። በላዩ የቆርቆሮው ግለት ሲጨመርበት ደጅ ያለው ቀዝቃዛ አየር ለሞተሩ ምንም አልፈየደለትም።

የሌባው ሥጋት እውነት ነው፤ እኔም ሞተሩ ሜዳ ላይ ይውጣ አልልም። ነፋስ በሚመጣበት ወገን ከግድግዳው ግርጌ፣ በተቃራኒው ወገን ከጣሪያው ሥር ሰፊ ቀዳዳ ተከፍቶ በወፍራም የብረት ወንፊት ቢዘጋ፣ አየር ይገባል፣ ሌባ አይገባም። የሞተሩ ማራገቢያ ያለበት ጫፍ ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ክንድ ይራቅ። ድራይቩ ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ ወይም ከሞተሩ በላይ አይሰቀል፤ ከፍታውና ሙቀቱ የእርሱንም አቅም ይቀንሳሉና። የማራገቢያው ወንፊት ከአቧራ ይጽዳ። ይህን ሁሉ የማኅበሩ አባላት በአንድ ቀን ሊሠሩት ይችላሉ።

በቆላው ጉዳዩ ሌላ ነው። በዱብቲ በሰኔ ወር የጥላው አየር ራሱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ፣ የሚተካ ቅዝቃዜ የለም። እዚያ በጉልበት አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ሞተር መግዛት ግድ ነው።

ዙር መቀነስ ሞተሩን ያሞቃል የሚለውም ስጋት ለሁሉም ሥራ አይሠራም። ሴንትሪፉጋል ፓምፕ ከ50 ወደ 40 ሄርዝ ሲወርድ የሚፈልገው ጉልበት ወደ ግማሽ ስለሚጠጋ፣ የሞተሩ ማራገቢያ ቀስ ብሎ ቢዞርም አይጎዳውም። እርግጥ ነው፣ ዙሩ እጅግ ከወረደ ፓምፑ ውሃውን ማንሣት ያቅተዋል፤ ሞተሩ ይዞራል፣ ቦዩ ይደርቃል። ወፍጮ ግን እንደ ፓምፕ አይደለም። ዙሩ ቢቀንስም ድንጋዩን ለማዞር የሚጠይቀው ኃይል አይቀንስም፤ ሞተሩ እንደ ወትሮው ኤሌክትሪክ እየሳበ ማራገቢያው ብቻ ይደክማል። ከመስኖ ወቅት ውጭ ሞተሩና ድራይቩ ለወፍጮ ይዋሉ የሚል ሐሳብ ሲነሣ የልማት ሠራተኛው ይህን ማስረዳት አለበት። ለብቻው በኤሌክትሪክ የሚዞር ማራገቢያ ካልተገጠመለት በዝግታ አይፈጭበት። «ውሃ አነሰን» ብሎ ፓምፑን ወደ 55 ሄርዝ መግፋትም በሞተሩ ላይ አንድ ሦስተኛ ያህል ሸክም መጨመር ነው፤ መሣሪያው ይህን የሚፈቅድ ሆኖ ቢገኝ በ50 ላይ እንዲገደብ ገጣሚውን ማዘዝ ይገባል።

ማኅበራቱ ሞተር ሲገዙ የፈረስ ጉልበትና ዋጋ ብቻ ያወዳድራሉ። በግዥ ጥያቄው ላይ የቦታው ከፍታ፣ የወበቁ ወር ሙቀትና ሞተሩ በድራይቭ የሚሠራ መሆኑ ይጻፍ። በጥቅል ሽቦው ውስጥ ሙቀት ጠቋሚ የተቀበረለት ሞተርም ይጠየቅ፤ ገመዱ ከድራይቩ ጋር ከተያያዘ ሽቦው ከመቃጠሉ በፊት ሞተሩ በራሱ ይቆማል።