ቢነቅልም ቢሞላም ያው ደመወዝ

የጥርስ ሐኪም ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ጉጠቱ ነው። የሚጠግነውስ? የተበላውን ፍቆ ያጸዳል፣ ይሞላል፤ ነርቩ ከተነካ እስከ ሥሩ ገብቶ ያክማል፤ የተሰበረውን ሽፋን ያለብሳል። በስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይድ የበለዘ ጥርስም ወደሱ ነው የሚመጣው።

መንቀል እኮ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀጠሮ ያልቃል። የሥር ሕክምና ግን ሁለት ሦስቴ ሊያመላልስ ይችላል። የመንግሥት ሐኪም የወር ደመወዝ ደግሞ ጥርስ አይቆጥርም። ወረፋው በር ላይ ሲጋፋ ታዲያ የቱ ይቀለዋል?

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎችም ስለ ደመወዝ ስንጽፍ «ስንት?» ብለን እናቆማለን፤ ለየትኛው ሥራ እንደሆነ አንጠይቅም። በኔ በኩል፣ ላዳነው ጥርስ አበል ይታሰብለት እላለሁ፤ መሙያውም ሳይጓደልበት።