የሐይቅ ዳር ዓሣ ቤትና ዋናው ገንዘቡ

ማናቸውም ነጋዴ ማታ ሱቁን ሲዘጋ የዕለቱን ገንዘብ ይቈጥራል፤ ከዚያም ትርፉ የትኛው፥ ዋናው የትኛው እንደ ሆነ ይለያል። ትርፉን የበላ ነጋዴ ለከርሞም ይነግዳል፤ ዋናውን የበላ ግን ለጥቂት ጊዜ የበለጸገ ቢመስልም በመጨረሻው መደርደሪያው ባዶ ይቀራል። ይህ ሕግ ለጨርቅ አስመጪም፥ ለቡና ላኪም፥ ለባለሱቅም አንድ ነው። በሐይቅ ዳር ዓሣ ጠብሶ የሚሸጠውም ባለምግብ ቤት ከዚህ ሕግ አያመልጥም፤ ልዩነቱ የእርሱ ዋና ገንዘብ በመጋዘን ሳይሆን በውሃ ውስጥ መቀመጡ ብቻ ነው።

ለዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለው አሞራ ገደል ነው። ማለዳ ጀልባዎቹ ሲመለሱ ዓሣው ከመረቡ እየተፈታ ይወርዳል፤ እዚያው ዳር ላይ ይገፈፋል፥ ይታጠባል። ረጃጅም እግር ያላቸው ታላላቅ ወፎች ትራፊውን ለመልቀም በዙሪያው ይሰለፋሉ። ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ዘይቱ ይፈላል፤ እንግዳው በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የተጠበሰውን ቆሮሶ በዳጣ እያጠቀሰ ይበላል፤ የዓሣ ሾርባም ይጠጣል። ያማረ አዳራሽና ነጭ የጠረጴዛ ልብስ የሚጠይቅ የለም፤ የዓሣው ትኩስነት ሁሉን ይተካልና።

በንግድ ዓይን ሲመረመር ይህ ሥራ የሚያስቀና ነው። ዕቃው ከወደብ አይመጣም፤ የውጭ ምንዛሪ አይፈልግም፤ ኤል ሲ አይከፈትለትም፤ የጉምሩክ ቀረጥም አይከፈልበትም። ወደ አዲስ አበባ የሚጫነው ዓሣ በረዶና መኪና ያስፈልገዋል፤ በመንገድ የዘገየም እንደ ሆነ ዋጋው ይወድቃል። በሐይቁ ዳር የሚበላው ግን ከዚህ ሁሉ ወጪ ነጻ ነው። ገንዘቡም ለአጥማጁ፥ ለዓሣ ገፋፊው፥ ለመረብ ጠጋኙና ለአስተናጋጁ እየተከፋፈለ እዚያው ከተማ ውስጥ ይዘዋወራል።

ነገር ግን ጨርቅ ያለቀበት ነጋዴ እንደ ገና ያዝዛል፤ ሐይቅ ግን ትእዛዝ አይቀበልም። የሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ስለዚህ ለገበያ የሚቀርበው ዓሣ እዚያው ተወልዶ እዚያው የሚያድግ ነው፤ ያለቀውን የሚተካ ሌላ ምንጭ አይገኝም።

ከሚጠመደውም ውስጥ ገበያው አብዝቶ የሚፈልገው ቆሮሶን ነው። የቆሮሶ እናት ዕንቁላልዋን በአፍዋ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም አደጋ ሲመጣባቸው ተመልሰው ወደ አፍዋ ይገባሉ። ሣሩና ፊላው ያለበት ጥልቀት የሌለው ዳር ማደጊያቸው ነው። እንግዲህ ዓይኑ የጠበበ መረብ ይህን ዳር የጠረገ እንደ ሆነ አንድ ጊዜ እንኳ ያልወለደውን ዓሣ ይዞ ይወጣል። በዚያ ቀን ሳህን ላይ የሚቀርበው የሐይቁ ትርፍ ሳይሆን ዋናው ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በአጥማጁ ላይ መጫን ቀላል ነው፤ ፍርዱ ግን ትክክል አይሆንም። አጥማጁ የዕለት እንጀራውን የሚፈልግ ሰው ነው፤ ትንሹን ዓሣ የሚያወጣውም የሚገዛው ስላለ ነው። ሕግ አልጠፋም፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ይሁን እንጂ ተቈጣጣሪ በየጀልባው ሊቀመጥ አይችልም፤ ገዢው ግን በየማለዳው በዳሩ ላይ ቆሞ ይገኛል። ገዢ ያጣ ትንሽ ዓሣ ነገ አይጠመድም።

«እኔ ብተወው ጎረቤቴ ይገዛዋል» የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። እውነት ነው፤ አንድ ቤት ብቻውን ቢከለክል ይጐዳል። ስለዚህም ባለምግብ ቤቶቹ በአንድነት ሊስማሙ ይገባል። ነጋዴዎች በሚዛንና በመስፈሪያ ተስማምተው እንደሚኖሩ፥ እነዚህም ከዚህ መጠን ያነሰ ዓሣ አንገዛም ብለው ቢወስኑ የሚያቅታቸው ነገር የለም። ዓሣው በቁጥር ሳይሆን በሚዛን ቢገዛና ለትልቁ በኪሎ የበለጠ ዋጋ ቢከፈል፥ አጥማጁ መረቡን የሚቀይረው በቅጣት ፍርሃት ሳይሆን በጥቅም ተስቦ ይሆናል።

በጾም ወራት ፈላጊው ሲበዛ ሸክሙ ሁሉ በቆሮሶ ላይ እንዳይወድቅም ማሰብ ያስፈልጋል። አምባዛ ቅርፊት የሌለው በመሆኑ ብዙ ሰው በሃይማኖቱ ምክንያት አይበላውም፤ ይህም ሊከበር የሚገባው ልማድ ነው። ለሚበላው እንግዳ ግን አምባዛንም ቢልጫንም አጣፍጦ ማቅረብ ይቻላል። የቆሮሶው ዕለታዊ ድርሻ ሲያልቅም «ለዛሬ አልቋል» ማለት ነውር አይደለም፤ እንዲያውም የዓሣውን ትኩስነት ይመሰክራል።

ነገሩ የሐዋሳን ባለምግብ ቤት ብቻ የሚመለከት አይደለም። መረብ ወይም የመረብ ክር የሚያስመጣ ነጋዴ የሚሸጠው ለምን ዓይነት ሥራ እንደሚውል ሊያውቅ ይገባዋል። ለጉዳዩ ወደ ከተማዪቱ የሚወርድ ነጋዴም በምሳ ሰዓት ገዢ ነው፤ ከእጅ መዳፍ ያነሰ ዓሣ ሲቀርብለት ቢመልሰው ከብዙ ምክር የበለጠ ያስተምራል።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። ዛሬ ጥቂት ብር ለመጨመር ያልወለደውን ዓሣ የሚጠብስ ቤት የሚጥለው የብብቱን ነው። ምጣዱን፥ ወንበሩንና የዛፉን ጥላ በገንዘብ መተካት ይቻላል፤ ባዶ ሐይቅን ግን ማንም ባንክ በብድር አይሞላውም።