ሐይቁ የጋራ ነው፤ ዓሣው ግን የአጥማጁ

የገበያ ሰው አንድ ነገር ሊገዛ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ባለቤቱ ማነው?» ብሎ ነው። ቤት ሲገዛ ካርታ ያያል፤ መኪና ሲገዛ ሊብሬ ይጠይቃል፤ በሬ ሲገዛ እንኳ ዋስ ጥራ ይላል። ዘፈን ላይ ሲደርስ ግን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ይረሳል። ዛሬ በዩቲዩብ ቻናል ላይ ገንዘቡን ሊያፈስ የሚነሣው ባለሀብት «ስንት ሰው አየው?» ይላል እንጂ «የማን ነው?» ሲል አይሰማም።

ይህን ለማለት ያነሣሣኝ የወሎ ነገር ነው። ከአራቱ ቅኝቶቻችን፣ ማለትም ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ ሁለቱ ስማቸውን የወሰዱት ከወሎ ምድር ነው። ማሪቱ ለገሠ አምባሰልን ስትጫወት ያልሰማ ካለ ከሬዲዮ ርቆ የኖረ ሰው መሆን አለበት። ስለዚህ ዕቃው አለ፤ ፈላጊም አለው። ጥያቄው ትርፉ በየትኛው ኪስ ይገባል የሚለው ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። በሐይቅ ከተማ የሚኖር አንድ ማሲንቆ ተጫዋች አለ እንበል። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በዚህች ከተማ ለሠርግ ይጠራል። ካሜራማኑም ተጠርቷል። ተጫዋቹ የዕለት ክፍያውንና ሽልማቱን ይዞ ቤቱ ይገባል። ካሜራማኑ ግን ከጥቂት ቀናት በኋላ ጨዋታውን «ምርጥ የአምባሰል ጨዋታ» ብሎ ዩቲዩብ ላይ ይጭነዋል። ከሪያድ እስከ ዋሽንግተን ያለው የወሎ ልጅ ናፍቆቱን ሊወጣበት ደጋግሞ ያየዋል፤ ማስታወቂያም ይገባበታል። ማሲንቆ ተጫዋቹ ይህን የሚያውቀው ጎረቤቱ በስልኩ ሲያሳየው ነው።

የመቶ ብር ሒሳብ

በካሴቱ ዘመን ድምፃዊው በአብዛኛው ማስተሩን ለሙዚቃ ቤት በአንድ ጊዜ ክፍያ ይሸጥ ነበር። ካሴቱ ከታሰበው በላይ ቢሸጥም የሚጨመርለት አልነበረም። በጎን ደግሞ ቅጂ ቸርቻሪው ነበር። ይሁንና ያ ገበያ አንድ ጥሩ ነገር ነበረው፦ በር ነበረው። ድምፃዊው መርካቶ ሄዶ የሙዚቃ ቤቱን ባለቤት ፊት ለፊት ይሟገተው ነበር። አዲሱ ገበያ በር የለውም።

ዩቲዩብ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በ2006 ጉግል በ1.65 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። በረጅም ቪዲዮዎች ላይ ከሚታይ ማስታወቂያ ከሚገኘው ገቢ 45 በመቶው ለዩቲዩብ፣ 55 በመቶው ለቻናሉ ባለቤት ነው። ልብ ይሏል፤ «ለቻናሉ ባለቤት» ተባለ እንጂ «ለድምፃዊው» አልተባለም። 100 ብር ቢገባ 45ቱ እዚያው ይቀራል። በመካከል አከፋፋይ ካለና ከቀሪው 20 በመቶ ኮሚሽን ይወስዳል ብንል 44 ብር ይተርፋል። ከቻናሉ ባለቤት ጋር እኩል ለመካፈል የተዋዋለ ድምፃዊ 22 ብር ያገኛል። ውል የሌለው ድምፃዊ ድርሻው ዜሮ ነው።

«ታዲያ ራሱ ቻናል ከፍቶ አይጭንም?» የሚል አይጠፋም። ይጭናል፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል 1,000 ተመዝጋቢና በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት የታየ ቪዲዮ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ኢትዮጵያ የዚህ ክፍያ ተካፋይ ከሆኑት አገሮች ዝርዝር ውጭ በነበረችባቸው ረጅም ዓመታት ብዙ ቻናል የተከፈተው ውጭ አገር ባለ ዘመድ ወይም ወዳጅ አድራሻ ነው። ሥራው ሐይቅ ተሠርቶ ሒሳቡ ሌላ አገር በሌላ ሰው ስም ይቀመጣል። ፍቅር እስካለ ድረስ መልካም ነው። ጠብ ሲመጣ ግን ዳኛው ማን ይሆናል?

ውሃውና ዓሣው

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ይነሣል። «አምባሰል የአገር ዜማ ነው፤ ማን ከማን ሰረቀ?» ይላሉ። መልሱ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ተኝቷል። የሐይቅን ውሃ የግሌ ነው የሚል የለም። ከመረብ የወጣው ቆሮሶ ግን ባለቤት አለው፤ ዋጋም አለው። ቅኝቱ ውሃው ነው። በዚያ ቅኝት የተገጠመው አዲስ ግጥም፣ የተቀመረው ዜማና የተቀዳው ድምፅ ዓሣው ነው።

ሕጉም ይህንኑ ይላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1647 ጀምሮ ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ደንግጎ ነበር። ቀጥሎ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሻለ። በዚህ ሕግ የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። የተጫዋቹም መብት ጨዋታው ከተቀዳ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። መብቱ የሚገኘው ሥራው እንደተሠራ ነው፤ ምዝገባ ማስረጃ ይሆናል እንጂ ግዴታ አይደለም። ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ግን በጽሑፍ መሆን አለበት። ሆነ ብሎ የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። እንግዲህ የጎደለው ሕግ አይደለም፤ ወረቀት ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ያሉት አባቶች ይህን ዘመን ያዩት ይመስላል።

ወረቀት የሌለው ሰው የሚከፍለው ዋጋ ደግሞ ካለማግኘት ይብሳል። ዩቲዩብ ኮንቴንት አይዲ የሚባል መቆጣጠሪያ አለው። ድምፅን ከድምፅ፣ አንዳንዴም ዜማን ከዜማ ያመሳክርና «የእኔ ነው» ብሎ አስቀድሞ ላስመዘገበው ያዳላል። ይህ በር ለትልልቅ ባለመብቶች እንጂ ለግለሰብ አይከፈትም፤ ግለሰቡ የሚገባው በአከፋፋይ በኩል ነው። ስለዚህ ቀድሞ ያስመዘገበ ሰው ባለቤቱ ራሱ በጫነው ሥራ ላይ ገቢውን ሊወስድበት ይችላል። የጋራ ዜማን የግል አድርጎ ማስመዝገብ ደንቡ ይከለክላል፤ ማሽኑ ግን የወሎ ሽማግሌ ምስክር አይጠራም። ባለቤቱ መቃወም ይችላል። በ5 ቀን ውስጥ ከተቃወመ ገቢው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተይዞ ይቆያል፤ ከሳሹም መልስ የሚሰጥበት 30 ቀን አለው። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን እናስታውስ። በዚያን ጊዜ 5 ቀን ለሐይቁ ተጫዋች ምኑ ነበር? ውጭ ያለው ግን መጫኑን አላቆመም።

የውጫሌው አንቀጽ

የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ውጫሌ ናት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል በዚህች ስም ይጠራል። በአማርኛው አንቀጽ 17 ንጉሡ ቢፈልጉ በኢጣልያ በኩል መጻጻፍ ይችላሉ ይል ነበር። የጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። የአንድ አንቀጽ ልዩነት መጨረሻው ዓድዋ ሆነ።

ዛሬም በስልኩ ላይ «እስማማለሁ» የሚለውን የሚጫን ተጫዋች በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ውል እየፈረመ ነው። ከአከፋፋይ ጋር የሚደረገው ውል «ብቸኛ መብት» ይላል? ለስንት ዓመት? ሲፈርስስ ሥራው ለማን ይመለሳል? አምባሰል ላይ የሚኖር ሰው የማያነበውን ውል መፈረም የሚያስከትለውን ከማንም በላይ ማወቅ ነበረበት።

ለባለሀብቱና ለደላላው

ካሜራማኑን ሌባ አድርጎ መጨረስ ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። ካሜራውን ገዝቷል፤ ሌሊቱን ተቀምጦ አቀናብሯል። እሱ ባይኖር ጨዋታው ከሠርጉ ድንኳን ባልወጣ ነበር። የቀዳ ሰውም በሕጉ የራሱ መብት አለው። ድርሻ ይገባዋል፤ ሁሉም ግን አይገባውም። ለእሱም ቢሆን ውሉ ይጠቅመዋል፤ ወረቀት ያለው ቻናል ይሸጣል፣ ይወረሳል፣ ሸሪክም ያገኛል። ወረቀት የሌለው ቻናል ቅሬታ ሲደራረብበት ሊታገድ የሚችል ንብረት ነው።

በአገራችን ከዩቲዩብ ውጭ መንገድ የፈለጉ አሉ። በ2011 ዓ.ም. ሟቹ ኤልያስ መልካ፣ ጆኒ ራጋና ኃይሌ ሩትስ ያሉበት አውታር የተባለው የስልክ ሙዚቃ መሸጫ ተጀመረ፤ ቀጥሎም ሰዋስው መጣ። ሙዚቃ በብር ሊሸጥ እንደሚችል አሳይተዋል። እነሱም ቢሆኑ የሚከፍሉት ባለቤቱ ለታወቀ ሥራ ነው።

ስለዚህ በበኩሌ የምለው ይህን ነው። ቻናል ለመግዛት ወይም ለመሸረክ የሚያስብ ባለሀብት የተመልካቹን ቁጥር ከማየቱ በፊት የእያንዳንዱን ሥራ ውል ይጠይቅ፤ ከሌለ ቀብድ አይስጥ። ደላላውም ቢያስብበት ሥራ አለው፦ ተጫዋቹን ከአከፋፋይ የሚያገናኝ፣ ውሉን በአማርኛ የሚያስረዳና ኮሚሽኑን በግልጽ የሚናገር ሰው ደሴና ሐይቅ ላይ ያስፈልጋል። ለተጫዋቹና ለካሜራማኑ ደግሞ አንድ ገጽ ይበቃል። ማን እንደተጫወተ፣ ማን እንደቀዳ፣ የትና ለስንት ዓመት እንደሚጫን፣ ገቢው እንዴት እንደሚከፈልና የሒሳቡ ዝርዝር በየስንት ወሩ እንደሚታይ ይጻፍበት። ሁለት ምስክር ይፈርምበት። በሠርግ ቤት ምስክር መቼም አይጠፋም።