ቀዩ ከጥቁሩ ይለይ

በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ መሆኗ የታወቀ ነው። ስለ እርሷ የሚዘጋጅ መጽሐፍ የድጓውን ገጽ በፎቶግራፍ ማሳየቱ ተገቢ ነው፤ ወጪ ለመቆጠብ ሲባል ግን ፎቶግራፉ ብዙ ጊዜ በጥቁርና ነጭ ይታተማል። ችግሩም ከዚህ ላይ ይጀምራል። በብራናው ላይ ቅዱሳት ስሞች በቀይ፣ ሌላው በአብዛኛው በጥቁር ይጻፋል፤ ፎቶግራፉ ወደ ግራጫ ሲለወጥ ሁለቱ ተመሳስለው ሊታዩ ይችላሉ።

ስለዚህ ለውጡን ለኮምፒዩተሩ ብቻ መተው አይገባም እንላለን። የቀዩን መጠን ከፍና ዝቅ በማድረግ፣ ከጥቁሩ ሣሣ ብሎ ከብራናው ግን ጎልቶ እንዲታይ ማድረግ ይቻላል። ከፊደሉ በላይ ያሉት ጥቃቅን ምልክቶች፣ ይኸውም እንደ ድፋትና ቅናት ያሉት፣ እንዳይደበዝዙ ፎቶግራፉ በሚታተምበት ልክ በኢንች ቢያንስ 300 ነጥብ ይኑረው። ባልተለበጠ ወረቀት ላይ ቀለም ስለሚሰፋ መካከለኛው ግራጫ አስቀድሞ ፈካ ይበል፤ አንድ ገጽም በዚያው ወረቀት ታትሞ ይሞከር።

ነገሩ የውበት ብቻ አይደለም። ምልክቱ የጠፋበት ገጽ ለዜማ ተማሪ አይረባውም። እንግዲህ ጓደኞቻችን ሆይ፣ የሙከራውን ገጽ አስቀድመን ድጓ ለሚያውቅ መምህር እናሳይ፤ እርሱ ካነበበው በኋላ ይታተም።