«ያልታወቀ» ወይስ ያልተፈለገ?

ይድረስ፦ የሥዕል መግለጫ ለሚጽፉ የሙዚየም ባለሙያዎች

እ.ኤ.አ. በ1837 ገደማ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ በተሣለ አንድ ሥዕል ላይ የነጋዴው የፍሬይ ሦስት ልጆች ከፊት ይታያሉ። ከኋላቸው ዛፍ ተደግፎ፣ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ የቆመ ጥቁር ወጣት ነበር። «ነበር» የሚያሰኘው፣ በ1900 አካባቢ አንድ ሰው ብሩሽ አንሥቶ ስለሸፈነው ነው። ሥዕሉ በ1972 ለከተማዋ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ተሰጠ። ከሥሩ የተሸፈነ ልጅ እንዳለም ያኔውኑ ተነግሮ ነበር። ሆኖም ከሠላሳ ዓመት በላይ መጋዘን ከርሞ በ2005 በጨረታ ተሸጠ፤ ያን ቀለም ያነሣ ግን አልተገኘም።

ቀለሙ የተነሣው ከሽያጩ በኋላ ነው። የወጣቱን ስም የሰጠው ደግሞ ሸራው ሳይሆን ወረቀት ነው። ኋላ ሥዕሉን የገዛ አንድ ሰብሳቢ ያሰማራት ተመራማሪ የፍሬይን ቤተሰብ መዛግብት አገላበጠች። በዚያች ከተማ በባርነት የተያዘ ሰው ሲሸጥ ውሉ ኖተሪ ፊት ስለሚፈጸም ስምና ዕድሜ ይጻፍ ነበር። ዕድሜው ሲሰላ ከወጣቱ ጋር የገጠመው ቤሊዜር ሆነ፤ የ15 ዓመት ልጅ። በስድስት ዓመቱ ከእናቱ ጋር የተገዛ፣ በ1856 ደግሞ ለኤቨርግሪን የሸንኮራ እርሻ የተሸጠ። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም በ2023 ሥዕሉን ሲያስገባ ርዕሱ በእሱ ስም ጀመረ፦ «ቤሊዜርና የፍሬይ ልጆች»።

ቅሬታው እዚህ ላይ ነው። የተለመደው አሠራር ከሠዓሊው ይጀምራል፤ ፊርማው ይመረመራል፣ ሸራው ይታያል፣ የባለቤቶቹ ሐረግ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። የተሣለው ሰው ተራ መጨረሻ ነው፣ ያውም ጊዜ ከተረፈ። ካልተረፈ «ያልታወቀ» ትለጠፋለች። ቃሏ የምርመራ ውጤት ትመስላለች፤ ብዙ ጊዜ ግን የምትመሰክረው መርማሪ እንዳልነበረ ነው።

የማኔ «ኦሊምፒያ» (1863) ላይ እቅፍ አበባ ይዛ የቆመችውን ሴት ማየት ይበቃል። ሠዓሊው በማስታወሻ ደብተሩ ስሟን ሎር ብሎ፣ ቤቷን የቬንቲሚይ ጎዳና ቁጥር 11፣ ሦስተኛ ፎቅ ብሎ ጽፏል። ፎቋ ሳይቀር የተጻፈላት ሴት ግን ለረጅም ዘመን «ጥቁሯ ገረድ» ተብላ ታልፋለች። በ1800 የተሣለችው የሉቭር ሙዚየሟ ማድሌንም ስሟ ርዕስ የሆነው በ2019 የፓሪስ ዐውደ ርእይ ነው፤ እስከዚያ ርዕሱ የሚናገረው ስለ ቆዳዋ ብቻ ነበር።

ስም ለመለጠፍ መቸኮልም አያዋጣም። የእንግሊዙ ኤክሰተር ሙዚየም ያለው የአንድ አፍሪካዊ ሥዕል ለዓመታት ጸሐፊው ኦላውዳ ኤኩዊያኖ ነው እየተባለ የመጽሐፍ ሽፋን ሆኗል። ሥዕሉ ግን የ1750ዎቹ ነው፤ ያኔ ኤኩዊያኖ ገና ልጅ ነበር።

የሚጠየቀው ቀላል ነው፤ «ያልታወቀ» ከሚለው ሥር ምን እንደታየና ምን እንዳልታየ ይጻፍ። የሽያጭ ውል ታይቷል? የጥምቀት መዝገብስ? የሠዓሊው ደብተር ተገልጧል? ማን፣ በስንት ዓመተ ምሕረት ፈለገ?